የቦጂ ማስታወሻ፦ ታሪኩ ከየት ይጀምር?

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማስታወሻውን የያዝኩት በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የወለጋ መንገድ ሰላም ስለነበር ትኬት ቆርጦ በሌሊት መነሳት ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

የሄድኩበት ምክንያት ይሄ ነው። ጓደኛዬ የቦጂ ልጅ ነው። ያደገባት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የመካነ ኢየሱስ ናት፣ ማለትም የሉተራን። አሁን ታሪኳን በትንሽ መጽሐፍ ማሳተም አስባለች። ሽማግሌዎቹ "እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች ጻፉልን" ብለው ደወሉለት። እሱ ደግሞ የተማረው ሒሳብ ነው፤ ማመልከቻ ሲጽፍ እንኳ ያልበዋል። ስለዚህ እኔ ላይ ጣለው። እኔ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ማርቲን ሉተር የማውቀው ከትምህርት ቤት የታሪክ ደብተር የተረፈውን ነው። "ይሻላል፤ እኛ የምናውቀውን እንደታወቀ ቆጥረን እንዘለዋለን፣ አንተ ትጠይቃለህ" አለኝ።

አውቶቡሱ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ ሲወርድ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "አይ፣ እነዚህ'ኮ ስዊድኖች ያመጧቸው ናቸው" አሉና ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኙ። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ሰምቷቸዋል። ምንም አላለም፤ ግን ሲናደድ ጆሮው እንደሚቀላ አውቃለሁ።

ነቀምቴ አመሻሽ ላይ ገባን። አንጮቴ ልብላ ብል ሳቁብኝ። የመስቀል ሰሞን ና ተባልኩ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ነቀምቴ ዋልን። ለመጽሐፉ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነው፤ የቦጂ ታሪክ ያለ ነቀምቴ አይጻፍም። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ የድሮዎቹ መዝገቦች እንደዚያ ስለሆኑ።

የኦነሲሞስ ነሲብ መቃብር እዚህ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ከኤርምያስ 22፥29 የተወሰደ ነው፤ "ምድር ሆይ! ምድር ሆይ! ምድር ሆይ! የእግዚአብሔርን ቃል ስሚ።" ሰውየው የተወለደው በ1856 አካባቢ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ በ1870 ነፃ ወጣ። ከምጽዋ ወጣ ብላ እምኩሉ የምትባል ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው፤ እዚያ ገባ፣ ተማረ፣ በ1872 ተጠመቀ። ስቶክሆልም ድረስ ሄዶ ሥነ መለኮት አጠና። ከዚያ ሌላው ቢሆን እዚያው ይቀራል። እሱ ግን ሐሳቡ አንድ ነው፤ አገሬ ልግባ። በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነም፤ እሱና ጓዶቹ ታመው፣ ደክመው ተመለሱ። መንገዱ እምቢ ሲለው እምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው አስቴር ጋኖ የምትመጣው። ስለ እሷ በቂ የተወራ አይመስለኝም። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት በመርከብ ሲወስዷት የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከቡን ያዘው። እምኩሉ ሲያመጧት ገና ልጅ ናት። ኦነሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ ቋንቋው ሳስቶበት ነበር፤ የእሷ ግን ትኩስ ነው። 15 ሺህ ያህል ቃላት ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው። ይህ ፊደል ነገ ተነገ ወዲያ ቦጂ ላይ ጉድ ያሳየኛል።

ከሰዓት የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት አየን። ኦነሲሞስ በ1904 ወለጋ ሲገባ የተቀበሉት ደጃዝማች ኩምሳ ናቸው፤ የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ነው። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ስብከቱም በኦሮምኛ ሆነ። ሕዝቡ ወደደው። ካህናቱ ደግሞ ከሰሱት። በ1906 ነገሩ አቡነ ማቴዎስና አፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ምኒልክ ከወለጋ እንዲባረር የተላለፈውን አላጸኑም፤ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን አይስበክ አሉ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ዝም ብሎ ማስተማር ነው። ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ ማለት ነው። በሰኔ 1931 አረፈ።

ማታ ላይ ጓደኛዬን "ከዚህ ብንጀምርስ?" አልኩት። "ቆይ፣ ሰዎቹን ስማቸው" አለኝ።

ዓርብ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄድ ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ትወርዳለህ። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ዶሮ አለ፣ የእህል ማዳበሪያ አለ፣ አንዲት ሴትዮ ያቀፈችው አዲስ ቴሌቪዥን አለ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ነፋሱ ተመለሰ፣ ቡናውም ጀመረ። ጊምቢ ምሳ በልተን ሌላ መኪና ያዝን።

ቦጂ ትልቅ ከተማ የለውም። ግን ስሙ ከቁመቱ በላይ ነው። አቶ አማኑኤል አብርሃም በ1913 የተወለዱት እዚህ ነው፤ በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆኑ፣ ከ1963 እስከ 1985 ድረስ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳም የቦጂ ልጅ ናቸው፤ ስለ እሳቸው ነገ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመኪናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ገባ ትላለች። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ። ደወሏ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ይመታል። የጓደኛዬ አያት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ስመው ስመው አልጠግብ አሉ። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ "ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር" አሉኝ። እሱ ይበቃል። ጨጨብሳ በቅቤ ርሶ ቀረበ፣ ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተጸለየ። እኔ ቤት ቡና ላይ የሚወራው ሐሜት ነው።

ቅዳሜ

ኮሚቴው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። እኔ መቅረጸ ድምፅ ይዤ፣ ጓደኛዬ እያስተረጎመኝ። የመጀመሪያው አጀንዳ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ታሪኩ ከየት ይጀምር? ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። እስከ ምሳ አላለቀም።

የወጣቶቹ ተወካይ ጥርት ያለ መልስ ይዞ መጣ። መካነ ኢየሱስ በሕግ የተቋቋመችው ጥር 21 ቀን 1959 ነው፤ ያን ጊዜ ምዕመናኗ በመላው አገሪቱ 20 ሺህ ያህል ነበሩ፣ ዛሬ በሚሊዮን ነው የምንቆጥረው፣ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር አለ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር "እኛ'ኮ ከዚያ በፊትም ነበርን፣ ያለ ወረቀት" ብለው ቆረጡት። የእሳቸው ሐሳብ ከሚሲዮኖቹ መጀመር ነው፤ በ1920ዎቹ ስዊድኖች ነቀምቴና ነጆ ገብተው ትምህርት ቤትና ሕክምና ከፈቱ፣ ለእነሱ ምስጋና ካልጻፍን ነውር ነው አሉ። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ቆርቆሮው የተመታበትን ዓመት ይፈልጋል። ለቆርቆሮው ያዋጣው አባቱ ነዋ።

እንዲህ ሲከራከሩ የጓደኛዬ አያት ከጎን ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ። የኮሚቴው አባል አይደሉም። ድንገት እንዝርታቸውን አቆሙና "ገብረ ኤዎስጣቴዎስን ረሳችኋቸው?" አሉ። ሁሉም ዝም አለ።

እኔ የማውቀው ስም አልነበረም። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ኤርትራዊ ናቸው። በኦርቶዶክስ የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ ከሚሲዮኑ ጋር ወንጌላዊውን እምነት የተቀበሉ ሰው። ቦጂ የደረሱት በ1898 ነው፣ ከባለቤታቸው ከጉሜሽ ወልደ ሚካኤልና ነፃ ከወጡ የኦሮሞ ወጣቶች ጋር። ልብ በሉ፣ ኦነሲሞስ ነቀምቴ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ገና አልታተመም። የሚገርመው ደግሞ ያገለገሉት እዚሁ ባለች የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄስ ሆነው ነው። ሌላ ቤተ ክርስቲያን አልተከሉም። እዚያው ቆመው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አነበቡ፣ በሚሰማው ቋንቋ አስተማሩ። ጥቂት ዓመት ነው የቆዩት፤ በ1905 በእሳት ቃጠሎ ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ ሥራውን የያዙት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ እምኩሉ የተማሩ፣ አንድ ጊዜ የተሸጡና ነፃ የወጡ ሴቶች። አስቴር ጋኖ፣ ፌቤን ሂርጴ፣ የኦነሲሞስ ባለቤት ሊዲያ ዲምቦ። የተሸጡበት አገር ተመልሰው ፊደል አስቆጠሩ።

የአውቶቡሱ ሰውዬ ትዝ አሉኝ። ስዊድኖቹ ለኦነሲሞስ ትምህርት ቤት ከፍተውለታል፣ መርከብ አሳፍረውታል፣ መጽሐፉን አሳትመውለታል፤ ይሄ አይካድም፣ መምህሩ ልክ ናቸው። ግን ቦጂ ላይ መጀመሪያ የቆመው ኤርትራዊ ቄስ ነው፣ ቀጥሎ የቆሙት ከባርነት የተመለሱ ሰዎች ናቸው። የስዊድን ሚሲዮናዊ ወለጋ ገብቶ የተቀመጠው ሃያ ዓመት አልፎ ነው። እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ የትኛው ገጽ አንድ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እንግዳ ነኝ፣ ዝም አልኩ።

የሚሲዮኖቹ መምጣትና መሄድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ስዊድኖቹ ጣሊያን ሲገባ ተባረሩ፤ በምዕራብ የነበሩት ጀርመኖች ደግሞ ጣሊያን ሲወጣ በ1941 ተባረሩ። መንጋው ያለ ፈረንጅ ቀረ። ሰብኮ፣ አጥምቆ፣ ቀብሮ የቆየው የአገሬው ሰው ነው። ደምቢ ዶሎ በኩል ዓይነ ስውሩ ጊዳዳ ሶለን በዚያ የጣሊያን ዘመን ነው ቅስና የተቀበሉት። (ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት።) የእሳቸው ቤቴል የምትባለው ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆናለች። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮኖቹ ተመልሰው ሲመጡ ያገኙት ሽማግሌ ያለው፣ ውሳኔ የሚወስን ምዕመን ነው።

ቡና ሲቀርብ አያቴ (እኔም አያቴ ማለት ጀምሬያለሁ) ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። የድሮው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ዳሩ በአይጥ የተበላ። ገለጥኩት። አንብቤው አልገባኝም! ፊደሉ ሁሉ የእኔ ነው፣ ሀ ሁ ነው፣ ድምፁን አወጣዋለሁ፣ ትርጉሙ ግን የለም። የወጣቶቹ ተወካይ ደግሞ ቋንቋው የእሱ ነው፣ ፊደሉን ግን አይችልም፤ ትምህርት ቤት የተማረው በቁቤ፣ በላቲኑ ነው። ስለዚህ እኔ ድምፁን እያወጣሁ አነበብኩ፣ እሱ ሰምቶ ተረጎመልኝ፣ አያቴ ሁለታችንንም አረሙ። መዝሙር 23ን እንደዚህ ጨረስነው።

በንጉሡ ዘመን ይሄ መጽሐፍ በአደባባይ የሚነበብ አልነበረም። በ1944 የወጣው የሚሲዮን ደንብ የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ ይሁን ይላል። አያቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአማርኛው ይሰማሉ፣ ቤታቸው ገብተው በዚህኛው ያነባሉ።

ማታ ስለ ደርግ ተወራ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ሰው ካለፈ በኋላም ልማድ ሆኖ ይቀራል መሰለኝ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከ1966 ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳትነት የተማሩ፣ በኋላ ሚኒሶታ ሥነ መለኮት ያጠኑ ሰው ናቸው። አብዮቱ ሲከርር ከአገር እንዲወጡ ዕድል ነበራቸው፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ ሊረዷቸው ሞክረዋል። መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 1979፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ ሰብከው ሲወጡ ታፈኑ። በዚያው ሌሊት ገደሏቸው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። አስከሬኑ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው።

እዚህ ወለጋ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት በመቶዎች ተዘጉ። የእኛዋም ተዘጋች፤ የእህል መጋዘን አደረጓት አሉኝ። ሰዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ተሰበሰቡ፣ ለቅሶ መስሎ፣ ደቦ መስሎ። አንዱ ሽማግሌ እየሳቁ "የአምስት ሰው ማሳ ለማረም ሠላሳ ሰው እንወጣ ነበር፣ ካድሬው ጎበዝ ገበሬዎች አለን ብሎ ሪፖርት ጽፎልናል" አሉ። እውነት ይሁን ጨዋታ አላጣራሁም። መጽሐፉ ውስጥ ግን ይገባል።

እሁድ

ቸርኬው የተመታው በጠዋት ነው። አካም ቡልተን፣ አካም ቡልተን፣ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀመጡ። ሕፃናት መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸዋል።

አገልግሎቱ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ሰዓት ሥርዓት ነው። ቄሱ ነጭ ለብሰው ይቆማሉ፤ የኃጢአት ኑዛዜ በአንድ ድምፅ ይባላል፣ ከዚያ የሐዋርያት የእምነት መግለጫ፣ ከዚያ የዕለቱ ንባብ። ተነሱ ሲባል ትነሳለህ። ለእኔ ይሄ ባዳ አልሆነብኝም። ሁለተኛው ሰዓት ሲመጣ ግን ኪቦርዱ ተከፈተ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ ጮኸ፣ እጆች ወደ ላይ ወጡ፣ ሰው ሁሉ በየራሱ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። አንዲት ልጅ ወደ ፊት መጥታ ወደቀች፤ ሽማግሌዎች ከበው ጸለዩላት፣ ርኩስ መንፈስ ነው ተባለ። በ1970ዎቹ ይሄ የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ሲመጣ መካነ ኢየሱስ ልጆቿን አላባረረችም፤ ተከራክራ፣ አጥንታ ወደ ውስጥ አስገባችው። ሌላ አገር ያሉ ሉተራኖች ይሄን ሲያዩ ግራ እንደሚጋቡ ጓደኛዬ እየሳቀ ነገረኝ። የድሮው ሰው ኪቦርዱ ሲጀምር ጋቢውን ይከናነባል፤ የአዲሱ ሰው ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሰዓቱን ያያል። አንድ ጣሪያ ሥር ግን አሉ።

በኋላ ከቄሱ ጋር ቁጭ ብዬ ስለ እምነታቸው ጠየቅኳቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ በላይ ነው፤ ከእሱ ሥር ሦስቱ የጥንት የእምነት መግለጫዎች፣ የ1530ው የአውግስበርግ መግለጫና የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም አሉ። ካቴኪዝሙን ልጆቹ በቃላቸው ነው የሚይዙት። አሥርቱ ትእዛዛት፣ የሐዋርያት የእምነት መግለጫ፣ አባታችን ሆይ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን። የሉተር ጥያቄ ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ ናት፤ ይህ ምን ማለት ነው?

ዋናው ትምህርት ጸጋ ነው። ሰው በሥራው አይጸድቅም፤ ክርስቶስ በሠራለት ያምናል፣ በእሱ ይጸድቃል። ቄሱ ይህንን በሚገባ ቋንቋ አስረዱኝ፣ ከሮሜ መልእክት እየጠቀሱ። አያቴ ግን አሳጠሩት። "ለመዳን አንሠራም ልጄ፣ ስለዳንን እንሠራለን" አሉና በቆሎ መፈልፈላቸውን ቀጠሉ።

ከሌሎች ጴንጤዎች የሚለያቸው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ሕፃን ያጠምቃሉ። በዚያን ቀንም የሦስት ወር ልጅ ተጠመቀ፣ ውሃው ሲነካው ጣሪያውን የሚያነሣ ጩኸት ጮኸ። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል የሚያጠምቁት አምኛለሁ ያለውን ሰው ነው። "ሕፃኑ ምን ያውቃል?" ብዬ ጠየቅኩ። "ጸጋ ማለት እኮ ሳታውቅ የሚሰጥህ ነው" አሉኝ ቄሱ። ሁለተኛው ቁርባን ነው። እንጀራውና ወይኑ መታሰቢያ ብቻ አይደለም፣ የጌታ ሥጋና ደም በእውነት አለበት ይላሉ። እዚህ ላይ ከእኛ ከኦርቶዶክሶቹ ጋር ይቀራረባሉ። ሌሎቹ ጴንጤዎች "ግማሽ ኦርቶዶክስ" ይሏቸዋል፣ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ጴንጤ ይላቸዋል፤ መሐል መሆን ዕዳ ነው። ታቦት የላቸውም፣ የቅዱሳን አማላጅነትን አይቀበሉም፣ የጾም ቀን በቀን መቁጠሪያ አልታሰረም።

ሉተርና ኢትዮጵያ ከጥንት ይተዋወቃሉ፤ ይሄን ሲነግሩኝ ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን ነፉ። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጴጥሮስ ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ሰው በፋሲለደስ ዘመን ጎንደር መጥቶ አስተምሯል። ታሪኩን ከዚህ እንጀምር ያለ አለመኖሩ ገረመኝ። ለነገሩ ጮክ ብዬ አላልኩም፣ ኮሚቴው ይሰማኛል ብዬ ፈርቼ።

መጠጥ የለም። ጠላም፣ አረቄም። "ሉተር ግን ሚስቱ የጠመቀችውን ቢራ ይጠጣ ነበር" ስላቸው ቄሱ ከልባቸው ሳቁ። "እሱ የወለጋን አረቄ አላየውም" አሉ።

ሴት ቄስስ? መካነ ኢየሱስ ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን ትቀባለች። እዚህ ግን ገና አልመጣችም። እንግዲህ መጀመሪያ ፊደል ያስቆጠሯቸው ሴቶች መሆናቸውን ሳስታውስ ጥያቄውን ደገምኩት። ቄሱ "ትመጣለች" አሉ። በፈረንጅ 2013 ደግሞ መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች፣ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ። ጡረተኛው መምህር እዚህ ላይ አዘኑ። ውሳኔውን ይደግፋሉ፤ ግን ስዊድናዊ መምህራቸው ትዝ ይሏቸዋል።

መባው የሚያስደስት ነው። ገንዘብ የሌለው ቡና ያመጣል፣ በቆሎ፣ እንቁላል፣ ዶሮ። ከአገልግሎት በኋላ ደጅ ላይ ጨረታ ይወጣል። አንድ አውራ ዶሮ እኔና የወጣቶቹ ተወካይ ተፎካክረንበት ከገበያው ዋጋ በላይ ሄደ። አሸነፍኩ። ከዚያ ለአያቴ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም ማታ ወጥ አድርገው አበሉን።

ሰኞ

አይራ ሄድን፣ ጊምቢ ተመልሰን በሌላ መንገድ። አቧራ ብቻ ነው። አይራ የጀርመኖቹ የሄርማንስበርግ ሚሲዮን በ1928 የገባበት ነው። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በኦነሲሞስ ስም የተሰየመው ሴሚናሪ እዚያ ነው። ቄስ ጉዲና በ1972 ለምዕራብ ለጋሾች የተላከውን ደብዳቤ ሲያዘጋጁ ያሉት ነገር እዚህ ሲታይ ይገባል፤ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ አትክፈሉት፣ ለልማት ገንዘብ እየሰጣችሁ ለወንጌል አትከልክሉን ነበር ነገሩ። አይራ ላይ ሐኪም ቤቱና ጸሎት ቤቱ አንድ ግቢ ናቸው።

ሄርማንስበርጎች ወደ ኦሮሞ ለመምጣት የተነሱት ግን በ1853 ነው። ሥራዬ ብለው መርከብ አሠሩ፣ ስሟን በሐዋርያት ሥራ ባለችው የኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ ብለው ሰየሙ። ዛንዚባር ላይ መግቢያ ከለከሏቸውና ደቡብ አፍሪካ ሄደው ቀሩ። ሲደርሱ 75 ዓመት አልፏል። ሲደርሱም በኦሮምኛ የሚነበብ መጽሐፍ ቅዱስ ቀድሟቸው ነበር።

ማክሰኞ

ጊምቢ ላይ የአዲስ አበባ መኪና ስንጠብቅ የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። ኮሚቴው ትናንት ማታ በድጋሚ ተሰብስቧል። ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ሴቶቹ ምዕራፍ አንድ እንዲሆኑ ተስማምተዋል። መምህሩ ለሚሲዮኖቹ ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቷቸው ተጽናኑ። የቆርቆሮው ሰውዬ ግን የአባታቸው ፎቶ በሽፋኑ ላይ ካልወጣ ፊርማዬን አልሰጥም ብለዋል፤ ስለዚህ ለየካቲት ሌላ ስብሰባ ተቀጥሯል። እስከዚያ ደግሞ የአያቴን የድምፅ ቅጂ በጽሑፍ እንድገለብጠው ታዝዣለሁ። ግማሹ የቡና ሙቀጫ ድምፅ ነው።